ያገለገለ የኮራል አኳሪየም በደሴ ብርድ፦ ከ10 ወር በኋላ

ደሴ ላይ የባሕር ዓሣ አለኝ ስል የሚከተለው ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው። "ከሐይቅ ነው ያመጣኸው?" ሐይቅ ቅርባችን ነው፣ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ውሃው ግን ጨዋማ አይደለም። የእኔዎቹ እዚያ ቢገቡ አያድሩም። ጨው፣ ሙቀትና የማያቋርጥ ሞገድ ይፈልጋሉ። ደሴ ደግሞ ከሦስቱ አንዱንም በነፃ አትሰጥም።

የአኳሪየሙን የመስታወት ሳጥን የገዛሁት ባለፈው ኅዳር አዲስ አበባ ነው። ባለቤቱ ከአገር ሊወጣ ዕቃውን እየሸጠ ነበር። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። እስከ አፉ ሲሞላ 200 ሊትር ይይዛል። ፓምፖች፣ ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚሰበስብ ዕቃ)፣ ሂተር (የውሃ ማሞቂያ)፣ መብራት፣ የውሃ ማጣሪያና አንድ ጆንያ ድንጋይ አብረው መጡ። የጠየቀኝ ዋጋ የአዲሱን ሩብ አይሞላም። ፈነደቅሁ። በፍራሽ ጠቅልለን አይሱዙ ላይ ጫንነው። ጣርማ በር ላይ ስንጠማዘዝ ከመስታወቱ በፊት የምሰበረው እኔ መስሎኝ ነበር።

ቤት ገብቶ ሲገለጥ ጀርባው በሐምራዊና በነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ኖራ እንደማለት። ሳሙና አይነካካውም፤ ቅሪቱም ለዓሣ መርዝ ነው። መድኃኒቱ አቸቶ ነው። ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቀልኩ፣ ጨርቅ ነክሬ መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። ጆሮ ሲያስጠጉት ትሽሽ ይላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ በምላጭ ስገፋው እንደ ደረቅ እንጀራ ጠርዝ እየተላቀቀ ወደቀ። ምላጩ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ሲሊኮን እንዳይነካ ብቻ መጠንቀቅ ነው። ፓምፖቹንም ባልዲ ውስጥ በዚያው አቸቶ አሠራኋቸው። ቤቱ ለሦስት ቀን ሰላጣ ሰላጣ ሸተተ።

ድንጋዩ ግን ሌላ ታሪክ ነው። እማ አይታው "በጎላ ድስት ጥደን እንቀቅለው፣ ይጸዳል" አለች። ይህን ከሰማችሁ እንዳታደርጉት። ኮራል ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው። ከኮራል አኳሪየም የወጣ ድንጋይ ላይ ዞአንቲድ የሚባሉ ኮራሎች ደርቀው ሊቀሩ ይችላሉ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ ከባድ መርዝ አላቸው። ከእንፋሎቱ ጋር ሲወጣ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል። እኔ ጓንት አድርጌ፣ ደጅ አውጥቼ፣ በውሃ በቀጠነ በረኪና ዘፈዘፍኩት። ከዚያ ደጋግሜ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። በረኪናና አቸቶ አንድ ባልዲ ውስጥ እንዳይገናኙ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እኔ በተለያየ ቀን ነው የሠራሁት። አሮጌውን አሸዋ ጣልኩት፣ የሰው ቆሻሻ ይዞ መኖር አያስፈልግም።

ሻጩን መጠየቅ የነበረብኝ ትልቁ ጥያቄ ስለ መዳብ ነበር። ለዓሣ በሽታ መዳብ ያለበት መድኃኒት ከተጨመረ ድንጋዩ ይመጠዋል። ኋላ ቀስ እያለ ሲለቀው ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ያልቃል። ደውዬ ጠየቅሁት፣ አልተጠቀመም። ዕድለኛ ነኝ።

ሳጥኑን ጓሮ ላይ በቧንቧ ውሃ ሞልቼ ደረቅ ካርቶን ላይ አስቀመጥኩት። በሁለተኛው ቀን አንዱ ማዕዘን ሥር ካርቶኑ ራሰ። አዲስ ሲሊኮን አሮጌው ላይ ደርቦ መቀባት አይሠራም፣ አይጣበቅም። የውስጡን በሙሉ ልጬ አወጣሁና ፀረ ሻጋታ የሌለበት ንጹሕ ሲሊኮን አስገባሁ። ሲደርቅ እሱም አቸቶ አቸቶ ይሸታል። አንድ ሳምንት ተውኩት። እስከ ዛሬ ጠብታ የለም። ለመስታወቱ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

መቆሚያውን በያጅ ጋ በአርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ) ብረት አሠራሁት። ውሃው፣ ድንጋዩና መስታወቱ ተደምረው 300 ኪሎ ይጠጋሉ፤ በውሃ ልክ ሳይስተካከል መሙላት የለበትም። አንቲረስት ተቀብቷል። ቢሆንም ጨው በጠርዙ ላይ እየተሳበ ይወጣል፣ እግሩ ሥር ዝገት ጀምሯል። የኤሌክትሪክ ገመዶቹን ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብለው ተመልሰው እንዲወጡ አድርጌያለሁ። ገመዱን ተከትሎ የሚወርድ ጠብታ እዚያው መሬት ይወድቃል።

የጎረቤታችን እትዬ አንድ ቀን ቡና ላይ "ጨው ከአፋር ሞልቶ አንተ በውድ ታስመጣለህ?" ብለው ሳቁብኝ። እውነትም ወሎ ጨው ማጣት አያውቅም። የወጥ ጨው ግን በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። ባሕር ውስጥ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ካርቦኔትም አለ። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው። ስለዚህ ለአኳሪየም የተቀመመ ጨው ግዴታ ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ያህል ይገባል፣ ለሳጥኑ ወደ 7 ኪሎ። በየሳምንቱ 20 ሊትር እቀይራለሁ፣ እሱም 700 ግራም ነው። ዋናው የሚያልቅ ወጪ ይኸው ነው። ውሃው ሲተን ጨው አይተንም፤ የጎደለውን የምሞላው በንጹሕ ውሃ ነው። መጀመሪያ ሰሞን በጨው ውሃ ስሞላ ሰነበትኩና ጨዋማነቱ ሽቅብ ወጣ።

ንጹሑ ውሃ ራሱ ጣጣ አለው። ማጣሪያው አንድ ሊትር ሲሰጥ ሦስት ሊትር ያህል ይጥላል። ግፊትም ይፈልጋል። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት። 9 ሰዓት ላይ የቧንቧው ጉርጉርታ ሲቀሰቅሰኝ ተነስቼ ጄሪካን እደረድራለሁ። የሚጣለውን እማ ለልብስ አጠባ ትወስደዋለች፤ ካልሆነ ቤት አያኖሩኝም ነበር።

ሐምሌ ላይ ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ዝናቡ ይወርዳል፣ የዝናብ ውሃ ንጹሕ ነው፣ ለምን ሌሊት እነሳለሁ? ከጣሪያ የወረደውን አጠራቅሜ ሁለት ሳምንት ተጠቀምኩ። አራቱ ቀንድ አውጣዎች ተራ በተራ ወደቁ። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው፣ ቆርቆሮ ደግሞ በዚንክ የተለበጠ ነው። ዝናቡ ዚንኩን አጥቦ ይዞ ይወርዳል፤ ዓሣው ቢችለው ቀንድ አውጣ አይችለውም። ተመለስኩ ወደ ሌሊት ፈረቃዬ።

ውሃው ከተዘጋጀ በኋላም ዓሣ ወዲያው አይገባም። አንድ ሽሪምፕ ውስጡ ጥዬ እንዲበሰብስ ተውኩት። የሚወጣውን አሞኒያ አንዱ ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ስድስት ሳምንት ባዶ ሳጥን ስመለከት ከረምኩ። እንግዳ ሁሉ "ዓሣው የታለ?" ይላል። የካቲት ላይ ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሦችና ዳምሰል የሚባል አንድ ዓሣ፣ ሁለት ለስላሳ ኮራልም አብሮ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ጭኔ ላይ ሲያንጎራጉር ዋለ። ቀንድ አውጣዎቹ ከሳምንታት በኋላ ነው የተከተሉት።

ስለ ከፍታ ማንም አልነገረኝም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ነው። ንፍሮ እዚህ ከኮምቦልቻ ይልቅ ብዙ ማገዶ የሚፈጀውም በዚሁ ነው። 25 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውሃ ጠረፍ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፣ እዚህ 5 ገደማ። ዓሦቹ ጠዋት ጠዋት ላይኛው ውሃ ላይ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ። አንዱን ፓምፕ ወደ ላይ አዞርኩት፣ ገጹን እንዲያናውጥ። በማግስቱ ወደ ታች ወረዱ። ክዳንም አንስቻለሁ፣ ትነቱ ቢጨምርም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ያገለገለ ሂተር አትግዙ። ሚያዝያ ላይ አንድ ጠዋት ቴርሞሜትሩ 32 ዲግሪ ይላል። ሂተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው ቴርሞስታት በርቶ ተጣብቆ ቀርቷል። ዳምሰሉ ሞቶ አገኘሁት። አንደኛዋ ኮራል በሳምንቱ ነጣች፤ ሙቀት ሲበዛባት ውስጧ የሚኖሩትንና የሚመግቧትን ጥቃቅን አልጌዎች ታስወጣለች። ቀለሟን ለመመለስ ሦስት ወር ፈጀባት። ዳምሰሉ በሞተ ማግስት ሁለት አዳዲስ ባለ 150 ዋት ሂተሮች አስመጣሁ። አንዱ ተጣብቆ ቢቀር ብቻውን ሳጥኑን አይቀቅልም፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ያቆየዋል። መብራቱም ያው ነው፤ አሮጌው ኤልኢዲ ግማሹ ጠፍቷል፣ ኮራሎቹ ወደ ብርሃኑ አንገታቸውን ይስባሉ። ይቀየራል።

ስኪመሩ ግን አሮጌ ቢሆንም የቤቱ ጀግና ነው። አየር በውሃው ውስጥ እያንፈቀፈቀ ቆሻሻውን በአረፋ ይሰበስባል። በሳምንት ሁለቴ ኩባያውን አወጣለሁ። ቀለሙ አቦል ቡና ነው። ሽታው ግን... ደጅ ነው የሚደፋው።

ትልቁ ፈተና መብራት ነው። አንድ ሌሊት ከምሽቱ 2 ሰዓት የሄደ ጠዋት 12 ሰዓት ተመለሰ፤ ውሃው ከ25 ወደ 20 ወረደ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሲሄድ ሥራ አለኝ። የአየር ፓምፑን በባትሪ አስነሳለሁ። በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ አንሳፍፋለሁ። ሳጥኑን በእማ ጋቢ እጠቀልላለሁ፣ አፉን ብቻ ክፍት ትቼ። በዚህ ሁኔታ ተመሳሳይ ሌሊት 22 ላይ ነጋ። ክላውንፊሾቹ በጋቢው ጥለት ቀዳዳ ያዩኛል።

ኮምቦልቻ ወይም ከዚያ በታች ለሚኖር ሰው ይህ ዕቃ የተሻለ ይሆንለታል። ብርዱ ያነሰ ነው፣ ሂተሩ ያርፋል። ደሴ ላይ ለሚያስብ፣ ሳጥኑንና ስኪመሩን ያገለገለ ይግዛ፣ ሂተሩን አዲስ፣ ባትሪውን ከዓሣው በፊት። እኔ ሁለተኛ ባትሪ ኅዳር ሳይገባ እገዛለሁ። እማ ለመስከረም ብላ ጋቢዋን አጥባ፣ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች።