ደብዳቤ ተያይዞለት የሚሸጥ አሮጌ ሪቮልቨር ካያችሁ ተጠንቀቁ

ወገኖች፣ የድሮ ጦር ሠራዊት ሪቮልቨር የምትሰበስቡ ሁሉ ይህችን አንብቡልኝ። የእኔስ ገንዘብ ተበልቷል፣ አልቅሼም ወጥቶልኛል። ዝም ብዬ ልተወው ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሽጉጡን የሸጠልኝ ያው ሰውዬ፣ ለእኔ ያያያዘልኝን ያንኑ ደብዳቤ ከሌላ ሽጉጥ ጎን አስቀምጦ ለሽያጭ ማቅረቡን ሳይ ደሜ ፈላ። (ስለ ፈቃድ አላወራም፤ ያንን ሳትጨርሱ ግዢ ውስጥ እንደማትገቡ አምናለሁ።)

አያቴ ዌብሊ የሚባለው የእንግሊዝ ሪቮልቨር ነበራቸው። አልፎ አልፎ ጨርቅ አንጥፈው ዘይት እየቀቡ ሲወለውሉት አጠገባቸው ቁጭ እል ነበር። ዌብሊን ይዛችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከመዶሻው አጠገብ ያለችውን ማንሻ በአውራ ጣት ስትገፏት ሽጉጡ ከወገቡ ይታጠፋል፣ ቀለሆቹንም ራሱ ገፍቶ ያወጣቸዋል። እኔ የምጠብቀው ግን ተመልሶ ሲዘጋ የሚሰማውን ድምፅ ነበር። ጥቅጥቅ ያለ፣ የከባድ ሣጥን ቁልፍ ሲገጥም የሚመስል ድምፅ። እሳቸው ካረፉ በኋላ ሽጉጡ የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ፤ ለእኔ የደረሰኝ የቆዳ ማኅደሩ ብቻ ነው። ባዶውን ማኅደር ስንት ዓመት እያሸተትኩ ኖርኩ።

ይህንን ሁሉ ለሻጩ ነገርኩት። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የላከልኝ ሦስት ፎቶና «ዌብሊ ማርክ 6፣ ጥሩ ይዞታ» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ነበር። «ለምን ዌብሊ መረጥክ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም አያቴን፣ ማኅደሩን፣ ድምፁን አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩለት። ሁለት ቀን ሳይሞላ ሽጉጡ ታሪክ አወጣ። የአንድ ሻምበል ነበር፣ ሻምበሉ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ሶም በተባለው ውጊያ ላይ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1916 ወደቀ፣ ቤተሰቡ የጻፈው ደብዳቤም አብሮ አለ። በዚያ አንድ ቀን ብቻ ከእንግሊዝ ጦር 19,240 ሰው ሞቷል። የአንዱን ሽጉጥ በእጄ ልይዝ ነው ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዋጋው በታሪኩ ልክ ሲጨምርም ቃል አልተነፈስኩ።

ዕቃው ደረሰ። ማጉያ መነጽር አውጥቼ ግራ ጎኑን አየሁት፦ «ዌብሊ ማርክ 6 ፓተንትስ 1918»። ባለቤቱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ የተሠራ ሽጉጥ! ወደ ፎቶዎቹ ተመለስኩ፤ ሦስቱም የተነሱት ከቀኝ ጎን ነው። ደውዬ ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እሱ እኮ የፓተንቱ ዓመት ነው።» የማርክ 6 ሥራ የተጀመረው በ1915 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ እዚያ ቦታ ላይ የሚመታው ዓመት ደግሞ በየጊዜው ይለወጥ ነበር። የ1918 ማኅተም ያለው ሽጉጥ 1916 ላይ ሊተኩስ አይችልም። ይህንን ስነግረው ስልኩን ዘጋው።

የታሪኩ ውሸት ኪስ ይጎዳል፣ የከበሮው፣ ማለትም ጥይቶቹ የሚገቡበት ተሽከርካሪ ክፍል ነገር ግን እጅ ያሳጣል። ማርክ 6 የተሠራው ለ.455 ጥይት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ሺህ ዌብሊዎች ወደ አሜሪካ ሲገቡ .455 ጥይት እዚያ እንደልብ አይገኝም ነበር፤ .45 ኤሲፒ የሚባለው ጥይት ግን ሞልቷል። ስለዚህ ነጋዴዎቹ የከበሮውን ጀርባ በማሽን እየላጉ ለ.45 ኤሲፒ አመቻቹት። ይህ ጥይት ቂጡ ላይ ወጣ ያለ ከንፈር ስለሌለው ሦስት ሦስቱን አንድ ላይ በሚይዝ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ባለው ስስ ብረት ተያይዞ ይገባል። መግባቱን ይገባል፤ ግን የ.45 ኤሲፒ የግፊት ጣሪያ 21,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲሆን የ.455ቱ 13,000 ገደማ ነው። ዌብሊ ያን ያህል ጉልበት እንዲችል ተብሎ አልተሠራም። የተላገው ከበሮ ውስጥ የጥንቱን .455 ብትጨምሩበት ደግሞ ከኋላው ልል ሆኖ ይቀራል። የእኔው ተልጓል። ከበሮው ላይ ያለው ቁጥር ከግማሹ በታች ተቆርጦ፣ የ8 ይሁን የ3 ራስ የማይለይ ጭረት ሆኖ ቀርቷል። ሻጩ ይህንን «ጥሩ ይዞታ» ብሎታል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የሁለቱንም ጎን፣ የከበሮውን ጀርባና የቁጥሮቹን ፎቶ ጠይቁ። ሻጩ «ብርሃን የለም» ካላችሁ ብርሃን እስኪመጣ ጠብቁ። ፊደሎቹ ጠርዛቸው ሟሙቶ ብረቱ እንደ መስታወት ካበራ ተፍቆ እንደገና ቀለም ተቀብቷል ማለት ነው። ቀስት መሰሏ የመንግሥት ምልክት አለመኖሯ ግን ለብቻው አያስደንግጣችሁ፤ የእንግሊዝ መኮንኖች ሽጉጣቸውን በግላቸው ይገዙ ነበር። ባለ ሰባት ጥይቱን የሩሲያ ሪቮልቨር ናጋንትን የምትፈልጉ ደግሞ ቁጥሮቹ ሁሉ ስለገጠሙ ብቻ አትደሰቱ፤ በሶቪየት ግምጃ ቤቶች ብዙዎቹ ተፈታተው ሲታደሱ ቁጥራቸው እየተፋቀ እንዲገጥም ተመቷል።

አሁን ወደ አዲሱ ሽያጭ። ሰውዬው ያቀረበው ቪክቶሪ የሚባለውን የአሜሪካው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨር ነው፤ ታሪኩ ደግሞ በ1940 የእንግሊዝ ጦር በመርከብ ካመለጠበት ከፈረንሳዩ ወደብ ከደንከርክ የተረፈ ሻምበል። ራሱ ባነሳው ፎቶ ላይ፣ ከእጀታው ሥር፣ ከቁጥሩ በፊት «ቪ» ፊደል ቁልጭ ብላ ትታያለች። ያቺ ፊደል መመታት የጀመረችው በ1942 ነው። እነዚህም ቢሆኑ ብዙዎቹ ከጦርነቱ በኋላ ለ.38 ስፔሻል ጥይት ተቦርቡረዋል፤ ሲተኮስባቸው ቀለሁ ያብጣል፣ ሲብስም ይሰነጠቃል። ማስታወቂያውን የላከልኝን ሰው ሻጩን ስለ ከበሮው እንዲጠይቀው መክሬዋለሁ፣ እስካሁን መልስ የለም።

ደብዳቤውን በምን እንደምታውቁት ልንገራችሁ። የሽጉጥ ቁጥር አይጠቅስም፣ የቦታ ስም የለውም፣ «እስከ መጨረሻው ከጎኑ አልተለየም» ብቻ ይላል፤ ስለዚህ ለየትኛውም ሽጉጥ ይሆናል። በቀኝ የታችኛው ጥግ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አለች፤ ቅርጿ የሰው ጆሮ ይመስላል።