ጋሼን አመሰግንልኝ ብዬ ነው

የጂአርኢ (ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ማመልከቻ የሚወሰድ ፈተና) ውጤቴ ደረሰኝ፤ በሒሳቡ ክፍል 161። ክረምት ላይ ቤቴ ተቀምጬ ራሴን ስፈትን ያመጣሁት 148 ነበር። ልዩነቱ የጋሼ ልፋት ስለሆነ ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ ፈለግሁ።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ መምህር ናቸው። ስሜ ይቅር ስላሉኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

እኔን ያስለቀሰኝ የአማካይ ፍጥነት ጥያቄ ነበር። መጀመሪያ ገንዘብ ከፍዬ የተማርኩበት ማሰልጠኛ በቀመር የታጨቀ ወረቀት ሰጥቶን ሸምድጄዋለሁ። ጥያቄው ትንሽ ገልበጥ ያለ እንደሆነ ግን የትኛው ቀመር እንደሚገባ ይጠፋኛል።

ጋሼ በመጀመሪያው ቅዳሜ እንዲህ አሉኝ፦ «ከአዲስ አበባ አዳማ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳሽ ሄድሽ፣ በዚያው መንገድ በ40 ተመለስሽ። አማካይ ፍጥነትሽ ስንት ነው?» ወዲያው 50 አልኩ።

«መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«አልተሰጠም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አንቺ ስጪው። ለ60ም ለ40ም ያለ ቀሪ የሚካፈል ቁጥር ምረጪ።»

120 አልኩ። መሄጃው 2 ሰዓት፣ መመለሻው 3 ሰዓት። 240 ኪሎ ሜትር በ5 ሰዓት፣ 48! ርቀቱን 240 አድርጌ እንድሠራውም አዘዙኝ፤ አሁንም 48። «በ40 ስትነጂ ብዙ ሰዓት ቆየሽ፤ አማካዩም ብዙ ወደቆየሽበት ያዘነብላል» አሉኝ። ይህቺ አንዲት ነገር ስትገባኝ ወረቀቱን ሁሉ ጣልኩት። ሁለት መጠን አነጻጽሩ በሚለው የጥያቄ ዓይነት፣ አንዱ ወገን ይህ የደርሶ መልስ አማካይ፣ ሌላው 50 ከሆነ፣ ምንም ሳላሰላ 50 እንደሚበልጥ አውቃለሁ።

ከዚያ «ግማሹን መንገድ» እና «ግማሹን ሰዓት» የሚሉትን በቀይ እስክሪብቶ እንዳሰምር አስለመዱኝ። ግማሹን ሰዓት በ60፣ ግማሹን በ40 ከሆነ መልሱ በእርግጥ 50 ነው። አንዲት ቃል ናት መልሱን የምትቀይረው።

የማልረሳው ግን ይሄኛው ነው፦ 60 ኪሎ ሜትር በ30 ሄድሽ፤ የደርሶ መልሱ አማካይ 60 እንዲሆን በስንት ትመለሻለሽ? 90 አልኩ። ርቀት፣ ፍጥነት፣ ሰዓት ብለው ሦስት ዓምድ አሰመሩልኝና እንድሞላው ተውኝ። ደርሶ መልሱ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ60 ከሆነ 2 ሰዓት ይፈልጋል። መሄጃው ብቻውን 2 ሰዓት ወስዷል። ለመመለሻ አንዲት ደቂቃ አልተረፈችም፣ የሚቻል ነገር አይደለም። ጋሼ አልቸኮሉም፤ እስክደርስበት ሻያቸውን እየጠጡ ጠበቁኝ።

ፈተናው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ወዲህ አጥሯል፤ ሒሳቡ 27 ጥያቄ በ47 ደቂቃ ነው። ለአንዱ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ እንኳን አይደርስም። ስለዚህ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ሰዓት እየያዙ ነበር የሚያስጠኑኝ። የሳትኩትን ጥያቄ ግን ያለ ሰዓት፣ እንደ አዲስ ያሠሩኛል። አንድም ቀን «ይሄ እንዴት ይጠፋሻል?» ብለውኝ አያውቁም። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ።

የሚያስጠኑት ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው፣ ከአራት ሰው በላይ አይቀበሉም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ የሳታችኋቸውን ጥያቄዎች ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እነሱን ነው።