በሰላምታ መሃል ይቋረጥ የነበረውን የቢሯችንን ስልክ ላስተካከለችልን ባለሙያ

ድሬዳዋ ውስጥ ስልክ ደውሎ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ የሚገባ ሰው የለም። መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል፣ ከዚያ ልጆች፣ ከዚያ ሙቀቱ። የእኛ ቢሮ ስልክ ደግሞ ለሁለት ወር ያህል ሙቀቱ ላይ ስንደርስ ይቋረጥ ነበር። ደንበኛው እንደገና ይደውላል፣ ሰላምታው እንደገና ይጀመራል፣ እንደገና ይቋረጣል። ከዚራ ውስጥ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ አነስተኛ የትራንዚት ቢሮ አለኝ። ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ላይ ቆሞ ቀን በተቆጠረ ቁጥር ክፍያ የሚጨምርበት ሰው በወሬ መሃል ስልክ ሲዘጋበት ምን እንደሚያስብ መገመት አያስቸግርም። አንድ የጅግጅጋ ደንበኛችን፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባት፣ «ምን ባጠፋ ነው ስልክ የምትዘጉብኝ?» ብለው ሊጠይቁኝ ቢሮ ድረስ መጥተዋል። መሬት ብትከፈት በገባሁ።

ከዚያ በፊት ሁለት ባለሙያዎች አይተውት ነበር። ስም አላነሳም። የመጀመሪያው ገመዱን በሙሉ ቀየረ። ሁለተኛው የፒቢኤክሱን፣ ማለትም የቢሮውን ስልኮች በኢንተርኔት የሚያገናኘውን ማሽን፣ የስህተት መዝገብ፣ እነሱ ሎግ የሚሉትን፣ ከፍቶ ቀያይ መስመሮች ሲያይ «ተጠልፋችኋል» አለና ለአዲስ ዕቃ ዋጋ አቀረበልኝ። ልገዛ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

በዚህ መሃል ሐረር ያለ ወዳጄ የጠቆመኝ ባለሙያ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳ መጣች። ዕቃው ወዳለበት ክፍል ትገባለች ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ደብተር ነው። «ጋሼ፣ የተቋረጡትን ጥሪዎች ሰዓት የመዘገበ ሰው አለ?» እንግዳ ተቀባያችን በራሷ ተነሳሽነት የጻፈችው ነበራት፤ ከጠዋቱ 4፡20፣ ከሰዓት 9፡05፣ እያለ ይቀጥላል። ሁለተኛው ባለሙያ 4፡20 የሚለውን በፈረንጅ አቆጣጠር 10፡20 አድርጎ ፈልጎ በዚያ ሰዓት ምንም ስህተት የለም ብሎን ነበር። እውነቱን ነው፣ በዚያ ሰዓት ምንም አልነበረም። ማሽኑ ግን የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ ያ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈው የኢትዮጵያ ሰዓት፣ ከ10፡20 ማለት ነው፣ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። እሷ የፈለገችው 07፡20 ላይ ነው። ተገኘ።

መዝገቡ ላይ የተጻፈው መስመር ረጅም ነው፤ ከመሃሉ 32000 የሚል ቁጥር አሳየችኝ። በሚሊ ሰከንድ ነው፣ 32 ሰከንድ ማለት። የደብተሩን ጥሪዎች አንድ በአንድ ስታስተያይ ሁሉም ዘንድ ያው ቁጥር አለ። ድንገተኛ ብልሽት ሁልጊዜ በ32ኛው ሰከንድ ላይ አይመጣም፤ ይህ ሆን ብሎ የተቀመጠ ገደብ ነው አለችኝ። ያስረዳችኝን እንደገባኝ ልጻፈው። ሲደወልልን የእኛ ፒቢኤክስ «ተነሥቷል» የሚል መልእክት ይልካል፤ ከዚያኛው ወገን «ሰምቻለሁ» የሚል ማረጋገጫ መምጣት አለበት። ካልመጣ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ይደግማል፣ ከዚያ ከ1 ሰከንድ፣ ከ2፣ ከ4 በኋላ እያለ ይቀጥላል፤ 32 ሰከንድ ሲሞላ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋል። ድምፁ በሌላ መንገድ ስለሚሄድ ሰዎቹ ይህ ሁሉ ሲሆን ምንም ሳያውቁ እያወሩ ነው። እኛ ስንደውል የማይቋረጠውም ለዚህ ነው፤ ያን ጊዜ ማረጋገጫውን የምንልከው እኛ ነን። ይህን ነገር ሁላችንም አስተውለን ነበር፤ ግን ለማንም ባለሙያ አልነገርንም፣ የጠየቀንም አልነበረም።

ማረጋገጫው የት ቀረ? እኛ ችግሩ ከፋሲካ ጀምሮ ነው እንል ነበር። እሷ መዝገቡን ወደ ኋላ ስትከተል ያ መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው ሜይ 13 ቀን ሆኖ ተገኘ፤ በእኛ ግንቦት 5 ማለት ነው። የደረሰኝ ፋይሉን አገላበጥን። ግንቦት 5 የተቃጠለውን ራውተር በአዲስ የቀየርንበት ቀን ነው። አዲሱ ራውተር ውስጥ ሲፕ ኤኤልጂ የሚባል ነገር ተከፍቶ ነው የመጣው፤ የስልክ መልእክቶችን እየከፈተ በውስጣቸው ያለውን አድራሻ ላስተካክል ይላል። የሰው ደብዳቤ ከፍቶ አድራሻ የሚያርም ፖስተኛ እንደማለት ነው። የኛ ፒቢኤክስ አድራሻውን ራሱ በትክክል ጽፎ ነበር የሚልከው፤ ራውተሩ ሲያርመው ተበላሸ፣ ማረጋገጫውም ሌላ ቦታ ሄደ። ይህን ለመዝጋት ከራውተሩ ማስተካከያ ላይ አንድ ምልክት አነሣች፣ ራውተሩን አጥፍታ አበራችው፣ ከራሷ ሞባይል ደወለች። እንግዳ ተቀባያችን ሰላምታውን እስከ ሙቀቱና ከዚያም አልፋ አደረሰችው። አልተቋረጠም። ያም ሆኖ በማግስቱ መዝገቡን ደግማ ሳታይ ሒሳብ አልቀበልም አለች።

ቀያዮቹ መስመሮችስ? ከማናውቀው አድራሻ 100፣ 101 እያሉ በየውስጥ ስልክ ቁጥሩ የይለፍ ቃል የሚሞክሩ ነበሩ። ኢንተርኔት ላይ የተጋለጠ ፒቢኤክስን ሁሉ እንዲህ የሚያንኳኩ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከመቋረጡ ጋር አይገናኙም። ቢሳካላቸው ግን በእኛ መስመር ውጭ አገር እየደወሉ ሒሳቡን እኛ ላይ ይጥሉት ነበር። የ104 የውስጥ ስልክ ቁጥር ይለፍ ቃል 104 ሆኖ አገኘችው። ያንን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ለማስታወስ ይመቻል ብዬ። ምንም አልተናገረችም፣ ቀየረችው፤ ከዚያም ስልኩን ከሚያቀርብልን ድርጅት አድራሻ ውጪ ያለውን በር ዘጋችው።

የተቀበለችን ለአዲሱ ዕቃ ከተጠየቅሁት ዋጋ አንድ አሥረኛ አይሞላም። አንድ ጉድለት አለባት፣ አልደብቅም፤ የስልክ ባለሙያ ሆና የራሷን ስልክ አታነሣም። የጽሑፍ መልእክት ብትልኩ ግን በዚያው ቀን ትመልሳለች። ድሬዳዋ የምትመጣው በማለዳ ነው፤ ከምሳ በኋላ ባለው ሙቀት አትሠራም፣ አልፈርድባትም።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለነገረችኝ፣ የሚፈልጋት በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ የፌስቡኩን ማለቴ ነው፣ የቢሮውን አይደለም። ከመጠየቃችሁ በፊት ስልካችሁ የተቋረጠበትን ቀንና ሰዓት ደብተር ላይ ያዙ፤ የደወላችሁት እናንተ ይሁን የተደወለላችሁ ለይታችሁ ጻፉ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።