ጩኸታም ማርሚታ ወይስ ክላክስ፣ መብራትና ሰደርያ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ስኩተር ገዢዎች

ስኩተር ገዝቶ ጋራዥ ለሚገባ ወጣት ቶሎ ከሚቀርቡለት ሐሳቦች አንዱ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) መቀየር ነው። የሚሰጠው ምክንያትም የታወቀ ነው፦ ድምፁ ከፍ ካለ ሲኖትራኩም ባጃጁም ሰምቶ ይጠነቀቅለታል። ስጋቱን አላቃልልም። በሁለት ጎማ በከባድ መኪኖች መካከል የሚያልፍ ሰው እንዳይታይ መፍራቱ ተገቢ ነው። ለዚያ ስጋት የሚወጣው ገንዘብ ግን ማርሚታ ላይ መዋል የለበትም ብዬ አምናለሁ፤ በተለይ በእኛ መንገድ።

ከድምፁ አቅጣጫ እንጀምር። የጭስ ማውጫው አፍ ወደ ኋላ ነው፤ ጩኸቱም በብዛት የሚደርሰው ሞተረኛው ላለፋቸው ሰዎች ነው። አደጋው ግን ከፊት ይመጣል። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርት የመሩትና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 የወጣው ሰፊ የሞተር ሳይክል አደጋ ጥናት፣ ከአደጋ ምንጮቹ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ከሞተረኛው ፊት፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ 45 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ እንደነበሩ አሳይቷል። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በተፈጠሩት ግጭቶችም ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የተከሰቱት ሌላው አሽከርካሪ የሞተረኛውን ቅድሚያ በመንፈጉ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በድንገት ወደ ግራ የሚታጠፈውን ባጃጅ ወይም ከመጋቢ መንገድ ብቅ የሚለውን አይሱዙ ማሰብ ይበቃል።

የከባድ መኪናው ሹፌር ጉዳይ ደግሞ የባሰ ነው። ከጅቡቲ ጭኖ በኮምቦልቻ የሚያልፍ ተሳቢ መኪና ውስጥ ያለው ሰው መስኮቱ ተዘግቶ፣ የራሱ የናፍጣ ሞተር እያገሳ ነው የሚነዳው። ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ የጋቢናው ብረትና መስታወትም የቀረውን ያፍነዋል። ሾልኮ የሚገባው የማርሚታ ድምፅ ወፍራም ጉርምርምታ ስለሆነ ሹፌሩ ቢሰማው እንኳ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ለመለየት ይቸገራል።

አሁን የእኛን መንገድ እንመልከት። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ መንገድ አለ። ማርሚታ የሚጮኸው ቤንዚን ሲሰጥ ነው። ቁልቁለቱን የሚወርድ ሞተረኛ ደግሞ ቤንዚኑን ዘግቶ ፍሬን ላይ ነው። ፍጥነቱ በሚጨምርበት፣ ኩርባውን ዞሮ ከሚመጣው አውቶቡስ ጋር ፊት ለፊት ሊገናኝ በሚችልበት ሰዓት ብዙ ገንዘብ የወጣበት ማርሚታ ድምፁ ይቀንሳል። ወደ ደሴ ሲወጣ በእርግጥ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ግን ወደ ኋላ ነው። ይህንን መንገድ በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ክላክስ ከዚህ ሁሉ በተቃራኒው ይሠራል። ወደ ፊት ይጮኻል፤ ሞተረኛው በፈለገበት ቅጽበት ይጮኻል፤ ድምፁም ቀጠን ብሎ ስለሚወጋ አቅጣጫው በቀላሉ ይለያል። ከኩርባ በፊት አንድ ጊዜ መንካት ከመንገድ ሙሉ ጩኸት ይበልጣል። ችግሩ ብዙ ስኩተሮች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት ክላክስ ደካማ መሆኑ ነው። ጠንከር ያለ ባለ 12 ቮልት ክላክስ መግጠም ይቻላል፤ ኤሌክትሪክ ሠሪው ሽቦው እንዳይግል በሪሌ (ኃይሉን ከባትሪ በቀጥታ ወደ ክላክሱ በሚያሳልፍ ማብሪያ) እንዲያገናኘው ግን አጥብቆ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፒያሳ ላይ ያለ ምክንያት እየነኩ መሄድ ደግሞ ሰውን ያለማምደዋል፤ የሚያስፈልግበት ጊዜ ሲመጣ ዞር ብሎ የሚያይ አይገኝም።

ስለ መታየት ያለው ማስረጃ ጠንካራ ነው። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ተካሂዶ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የታተመ ጥናት፣ አንጸባራቂ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሱ ሞተረኞች የመጎዳት ዕድላቸው በ37 በመቶ፣ ቀን የፊት መብራት የሚያበሩት በ27 በመቶ፣ ነጭ ሄልሜት ያደረጉት ደግሞ ጥቁር ካደረጉት ሲነጻጸር በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል። አንጸባራቂ ሰደርያ በዋጋው ከማርሚታ ጋር አይወዳደርም፤ መብራት ማብራት ደግሞ ምንም አያስከፍልም። በክረምት ጉም የደሴውን የጦሳ ተራራ ሸፍኖ ወደ ከተማው ሲወርድ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሞተረኛ ማን ያየዋል? ንጋት ላይ ወደ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሥራ የሚገባ ሰው ከማርሚታ አስቀድሞ ሰደርያውን ይግዛ።

ሄልሜት ግጭትን አያስቀርም፤ ግጭት ከደረሰ ግን የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ በርካታ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ አረጋግጧል። የሄልሜት ገንዘብ ሳይሟላ ስለ ማርሚታ ማሰብ ራስን መበደል ነው።

ለጩኸታሙ ማርሚታ ፍትሐዊ ለመሆን፣ እግረኛ ይሰማዋል። ጀርባውን ሰጥቶ በመንገድ ዳር የሚሄድ ሰው መስታወት ስለማይከልለው ገለል ሊል ይችላል። ግን ያው እግረኛ ክላክስም ይሰማል። በገበያ ቀን ጭነት የያዘች አህያ በድንገተኛ ፍንዳታ ደንብራ ወደ መሃል መንገድ ስትገባ ደግሞ አደጋው ለሞተረኛው ራሱ ነው። በሌሊት የሚባንኑትን ሕፃናትና ሕሙማንም ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ነጂው ራሱም ይጎዳል። ለስምንት ሰዓት ደኅና የሚባለው የድምፅ መጠን 85 ዴሲቤል ነው፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ስለሚያጥር 94 ዴሲቤል የሚፈቅደው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በራሱ ጩኸት የተደነቆረ ሞተረኛ ደግሞ ከኋላው የሚያስጠነቅቀውን የጭነት መኪና አይሰማም። ደሴ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አራተኛ የሚጠጋውን ያጣል፤ ማርሚታ ይመልሰዋል ብለው የሚቀይሩ አሉ። ካርቡራቶሩ ሳይስተካከል ማርሚታ ብቻ ሲቀየር የአየርና የቤንዚን ድብልቁ ይዛባል እንጂ ተስፋ የተደረገው ጉልበት አይገኝም።

የኤሌክትሪክ ስኩተር ለሚያስቡ ማርሚታ የሚባል ነገር ስለሌለ ምርጫው ያለቀ ነው፤ ለእነርሱ ክላክሱና መብራቱ ሁለት እጥፍ ያስፈልጋሉ።

ስለዚህ በጀት ያነሰው ገዢ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ፦ ሄልሜት፣ ቢቻል ነጭ፤ ቁልቁለቱን የሚችል የፍሬን ሸራ፤ ሰደርያ፤ ክላክስ። ያገለገለ ስኩተር የሚገዛ ሰው ማርሚታው ተቀይሮ ካገኘው ሻጩን የፋብሪካውን ማርሚታ ይጠይቀው፤ ከሌለው ዋጋው ላይ ይደራደርበት። ክላክሱን ሞተሩ ጠፍቶም ተነሥቶም ይሞክረው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ድምፁ ከሰለለ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው። የፊት መብራቱን ደግሞ ሲመሽ ተመልሶ ግድግዳ ላይ አብርቶ ይየው።