የማኅበር አመራሮች የሥነ ምግባር ሥልጠና በድሬዳዋ፦ የሚከፈልበትን ያህል ይጠቅማል?

በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የሚሰጠው ይህ የሦስት ቀን ሥልጠና የተዘጋጀው ለቁጠባና ብድር ማኅበራት፣ ለዕድሮችና ለአነስተኛ ድርጅቶች አመራሮች ነው። «የአመራር ሥነ ምግባርና የጋራ ኃላፊነት» የሚለውን ርዕስ ያየ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ የተለጠፉትን 12 መርሆዎች የሚያስጠና ይመስለዋል። ከቅንነት እስከ አርአያነት ያሉት መርሆዎች ግን በመጀመሪያው ቀን ግማሽ ሰዓት ተነግሮባቸው ያልቃሉ። ቀሪው ጊዜ የቼክ፣ የደረሰኝ፣ የቃለ ጉባኤና የካዝና ቁልፍ ነው። «ሲሾም ያልበላ» የሚለውን ተረት እየደጋገሙ አለማሰልቸታቸውም ተመስገን ነው።

አንድ ሰው ብቻውን መመዝገብ አይችልም። ሊቀመንበሩ፣ ገንዘብ ያዡና አንድ የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ሦስቱም አብረው መምጣት አለባቸው፤ ክፍያውም የሚታሰበው በተቋም ነው። ይህ ትልቅ ብልሃት ነው። ሊቀመንበር ብቻውን ሠልጥኖ ተመልሶ «ከዛሬ ጀምሮ ካዝናው በድንገት ይቆጠራል» ቢል ገንዘብ ያዡ «ሌባ ነህ ልትለኝ ነው?» ብሎ ይቀየማል። ሦስቱ አብረው ከሰሙት ግን ቆጠራው የቂም ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአሠራር ጉዳይ ይሆናል።

በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የኅብረት ሥራ ማኅበር የበላይ አካል ጠቅላላ ጉባኤው ነው፤ ሥራ አመራር ኮሚቴው ይመራል፣ ቁጥጥር ኮሚቴው ይከታተላል፣ እያንዳንዱ አባልም አንድ ድምፅ አለው። ይህ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። በተግባር ግን «ኮሚቴው ወስኗል» ከተባለ ማን እንደወሰነ አይታወቅም። ሥልጠናው ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት ቀላል ነው፦ በቃለ ጉባኤው ላይ ከእያንዳንዱ ውሳኔ ጎን ማን እንዳቀረበው፣ ማን እንደሚፈጽመው፣ እስከ መቼ እንደሚፈጸምና ማን እንደሚያረጋግጥ መጻፍ። የሚፈጽመውና የሚያረጋግጠው አንድ ሰው ከሆነ ውሳኔው ተመልሶ ይታያል። «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» የምትለዋ የተለመደች ዐረፍተ ነገርም ብቻዋን አትበቃም፤ የተቃወመ ካለ ስሙና ምክንያቱ ይሰፍራል። ይህ ለወግ ያህል የሚደረግ አይደለም። በ1952ቱ የንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበር ዳይሬክተሮች ለጥፋት በአንድነት ይጠየቁ ነበር፤ ጥፋት የሌለበትና ተቃውሞውን ወዲያው በቃለ ጉባኤ አስመዝግቦ ለኦዲተሮች ያሳወቀ ግን ከተጠያቂነት ይድን ነበር። ዝም ብሎ እጁን ያወጣ ሰው ይህ ጋሻ አልነበረውም።

ምርጡ ክፍል ሁለተኛው ቀን ነው፤ ተሳታፊው ማኅበሩ ገንዘቡን የሚያጣባቸውን ቀዳዳዎች በእጁ ይዳስሳል። አንደኛው ባዶ ቼክ ላይ አስቀድሞ መፈረም ነው። ሊቀመንበሩ ለሥራ ሐረር ሊወጣ ሲል «ሥራ እንዳይቆም» ብሎ አምስት ቅጠል ፈርሞ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ቼክ በሁለት ፊርማ ይውጣ የሚለው ደንብ ስሙ ብቻ ይቀራል። መፍትሔው ሦስት ፈራሚ ባንክ አስመዝግቦ ማንኛቸውም ሁለቱ እንዲፈርሙ ማድረግ ነው፤ አንዱ ቢቀር ሥራ አይቆምም። ሁለተኛው ደረሰኝ ነው። ያለቀው ጥራዝ ተመልሶ ተከታታይ ቁጥሩ ሳይታይ አዲስ ጥራዝ አይሰጥም፤ የተበላሸ ቅጠልም አይቀደድም፣ ከነቅጂዎቹ «የተሰረዘ» ተብሎ እዚያው ይቀራል። ሦስተኛው ፕሮፎርማ ነው፦ ሦስት የዋጋ ማቅረቢያ በሦስት ማኅተም ይመጣል፣ የእጅ ጽሑፉ ግን አንድ ነው። ንብረት ክፍል ውስጥ ደግሞ ዕቃው ሳይገባ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) የሚፈርም አለ፤ «ነገ ይመጣል» ተብሎ።

የካዝና ቆጠራው ልምምድ ለብቻው ያስመሰግናል። ሁለት ሰዎች ገንዘብ ያዡ ባለበት የብር ኖቶቹን በዓይነት በዓይነታቸው (200፣ 100፣ 50፣ 10 እያሉ) ይቆጥራሉ፣ ከመዝገቡ ጋር ያስተያያሉ፣ ሦስቱም ይፈርማሉ። ገንዘብ ያዡ በሌለበት መቁጠር ክልክል ነው፤ ጉድለት ቢገኝ ማን እንዳጎደለው ማስረዳት አይቻልማ። በካዝናው ውስጥ «ለእገሌ የተሰጠ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ከተገኘ እንደ ጥሬ ገንዘብ አይታሰብም። ብዙ ማኅበር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ብድር ያለው ትምህርትም ስል ነው። የኮሚቴ አባል ራሱ ሲበደር ከስብሰባው ይወጣል፣ የወጣበትና የተመለሰበት ሰዓት ይጻፋል። ሊቀመንበሩ ለጸሐፊው፣ ጸሐፊው ለሊቀመንበሩ ዋስ ከሆኑ ግን ዋስትናው ሁለት ሰው ተደጋግፎ እንደመተኛት ነው፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወድቃል።

ድሬ ሁሉም ሰው «አንተ» የሚባባልባት ከተማ ስለሆነች አለቃን መጠየቅ ቀላል ይመስላል። አሠልጣኞቹ ይህን በሚገባ ተረድተዋል፦ ቋንቋው ነፃ ቢሆንም ገንዘብ ሲነሣ ይሉኝታው እንደማንኛውም ቦታ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በቃል መሆኑ ቀርቶ በየወሩ በቅጽ ይቀርባል። ቅጹን መሙላት ግዴታ ነው፤ የሞላውን ሰው የሚቀየም የለም።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የሥልጠናው ጽሑፍ በአማርኛ ብቻ ነው። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ በሚነገርበት አካባቢ፣ እንደ ዋሂልና ቢዮ አዋሌ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች ለሚመጣ የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ይህ ትልቅ ክፍተት ነው፤ የማያነበውን እንዴት ይቆጣጠራል? የሐረር አፎቻዎች (የሐረሪዎች የመረዳጃ ማኅበራት) አሠራርም ከዕድር ጋር ተጨፍልቆ በአንድ ገጽ ታልፏል። የከሰዓቱ ክፍለ ጊዜ በ8 ሰዓት ይጀምራል፤ በዚያ ሙቀት፣ በበርጫ ሰዓት፣ በድሬ! የባንክ ሂሳብ ማስታረቅን (የማኅበሩን መዝገብ ከባንክ ስቴትመንት ጋር ማመሳከርን) የሚያህል ከባድ ትምህርት እዚያ መክተት ማባከን ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ጥፋት ያየ ሰው ወዴት እንደሚሄድ በአሥር ደቂቃ መታለፉ ነው። የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ስሙ ይጠራል፣ ይዘቱ አይብራራም። ጥቆማ በጽሑፍ እንዴት እንደሚቀርብ፣ ምን ማስረጃ ኮፒ እንደሚያዝ፣ የማኅበሩ ኦሪጅናል ሰነድ ለምን ከቢሮ መውጣት እንደሌለበት አንድም ልምምድ የለም።

ለመመዝገብ ያሰበ ተቋም የራሱን የቃለ ጉባኤ መዝገብና የመጨረሻ ሦስት ወር የባንክ ስቴትመንት ይዞ ይሂድ፤ ልምምዶቹ በናሙና ሰነድ ከመሠራት በራስ ሰነድ ሲሠሩ ይሻላሉ። የማስታረቁ ትምህርት ወደ ጠዋት እንዲዛወር ለመጠየቅም ከመጀመሪያው ቀን ቡና ዕረፍት በፊት መናገር ነው፤ ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ አይነካም።