ባለ .22 ካሊበር ጠመንጃ ከአስራ አንድ ወር በኋላ፦ በቨርጂኒያ ተራሮች ከውሻ ጋር የዛፍ ሽኮኮ አደን

ይህን ጠመንጃ የገዛሁት በኤፕሪል 2024 ሲሆን፣ ግምገማውን የምጽፈው ደግሞ የቨርጂኒያ የሽኮኮ አደን ወቅት በፌብሩዋሪ 28፣ 2025 ተዘግቶ ጠመንጃውን ወልውዬ ወደ ሳጥኑ ከመለስኩ በኋላ ነው። በእነዚህ ወራት በመለማመጃ ሜዳ ወደ 1,900 የሚጠጉ ጥይቶች ተኩሼበታለሁ፤ ከሴፕቴምበር ጀምሮም አስራ ዘጠኝ ቀን ይዤው ጫካ ገብቻለሁ። የሠሪውን ኩባንያ ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ የማነሳቸው ጉድለቶች በዚህ ዋጋ የሚሸጡና እንጨት የለበሱ ጠመንጃዎች ሁሉ ሊኖራቸው የሚችል ነውና አንዱን ነጥዬ መውቀስ አልፈለግሁም።

በቅድሚያ ስለ እንስሳው ስም አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር ሽኮኮ የሚባለው በገደልና በቋጥኝ መካከል የሚኖረው፣ ጅራቱ የማይታየው እንስሳ ነው። አሜሪካ ያለው ግን ጎፈሬ የመሰለ ጅራቱን እየነሰነሰ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘል ሌላ ፍጥረት ሲሆን፣ እዚህ የምንኖር አብዛኞቻችን በአማርኛ ስናወራም ‹ስኩዊረል› እያልን እንጠራዋለን። እኔ በዚህ ጽሑፍ ‹የዛፍ ሽኮኮ› እለዋለሁ።

ጠመንጃው 430 ዶላር፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩ 140 ዶላር አስወጥተውኛል። በግሪን ካርድ የሚኖር ሰው ጠመንጃ መግዛት መቻሉን ብዙ ወዳጆቼ ባያምኑም፣ የፌዴራሉ ሕግ ቋሚ ነዋሪን አይከለክልም፤ ፈቃድ ያለው ሻጭ ዘንድ ቀርቦ ለጠመንጃ ግዢ የሚሞላውን የፌዴራል ቅጽ 4473 መሙላትና የጀርባ ታሪክ ማጣሪያውን ማለፍ ነው። ከዚያ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ የአደን ፈቃዱ ነበር፤ ቨርጂኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ የሚያወጣን ሰው የአዳኝነት ትምህርት እንዲወስድ ታስገድዳለች፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ ለማደንም ተጨማሪ የደን ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጠመንጃው ቃታው (ጥይት የሚያጎርሰው እጀታ ማለቴ ነው፣ የሚተኮስበት ምላጭ አይደለም) በእጅ እየተሳበ አንድ በአንድ የሚያቀባብል፣ አምስት ጥይት በሚይዝ ካዝና የሚሠራና ያለ መነጽሩ 2.7 ኪሎ የሚመዝን ነው። ራሱ የሚያቀባብለውን ዓይነት ያልገዛሁት በጫካው ውስጥ ሁልጊዜ ከአጠገቤ ሌላ ሰውና አንዲት ውሻ ስላሉ ነው፤ ቃታው ወደ ኋላ ተስቦ ሲቆም ጠመንጃው ሊተኮስ እንደማይችል ባልደረባዬ ከሩቅ ሆነው ማየት ይችላሉ። የጥይቱ እርሳስ 5.6 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2.6 ግራም ክብደት ብቻ ስላለው ሰደፉ ትከሻን አይመታም። በልጅነቴ የአያቴን ምንሽር ለማንሳት ሞክሬ ከነምንሽሩ የወደቅሁ ሰው ነኝና፣ ይህን መጀመሪያ ስተኩስ መተኮሱንም ተጠራጥሬ ነበር።

ጠመንጃውን በትክክል ለመመዘን አደኑ እንዴት እንደሚካሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። አብሬአቸው የማድነው በዕድሜ ከእኔ በሃያ ዓመት የሚበልጡ፣ በምዕራብ ቨርጂኒያ ተራሮች ሥር ያደጉ የሥራ ባልደረባዬ ናቸው። ውሻቸው ፔኒ ማውንቴን ፊስት የሚባለው ትንሽ የአደን ውሻ ዝርያ ስትሆን ክብደቷ ዘጠኝ ኪሎ ነው። ፔኒ ከእኛ አንድ መቶ ወይም ሁለት መቶ ሜትር ቀድማ በኦክና በሂኮሪ ዛፎች መካከል እየተመላለሰች መሬት የወደቀ ፍሬ ሲለቅም የቆየውን እንስሳ በአፍንጫዋ፣ በጆሮዋና በዓይኗ ትፈልጋለች። ዛፍ ላይ ሲወጣባት የፊት እግሮቿን ግንዱ ላይ አንፈራጥጣ በአንድ ልክ የሚሄድ፣ የማይቋረጥ ጩኸት ትጀምራለች፤ ያን ጊዜ ሳንሮጥ እንቀርባለን። የዛፍ ሽኮኮ ብልሃት ሁልጊዜ ግንዱን በእሱና በሰው መካከል ማድረግ ነው። ስለዚህ እሳቸው ውሻዋ ዘንድ ሲቆዩ እኔ ራቅ ብዬ ዛፉን እዞርና ከወዲያ በኩል ጸጥ ብዬ እቆማለሁ፤ ቀጥሎ እሳቸው ቅጠሉን እያንኮሻኮሹ ሲራመዱ እንስሳው ከእሳቸው ሸሽቶ ወደ እኔ ወገን ይዞራል። ለመተኮስ የማገኘው ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ነው።

ይህ ከሆነ ዘንድ እውነቱን ልናገር፤ በሴፕቴምበር ይህ ጠመንጃ ከትከሻ ጌጥነት ብዙም አላለፈም። ቅጠሉ ገና ስላልረገፈ ፔኒ በሰባት ዛፎች ሥር ስትጮህ በመነጽሬ እንስሳውን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። በዚያ ወር ሥራውን የሚሠራው ጥቃቅን እርሳሶችን በአንድ ጊዜ የሚረጨው የባልደረባዬ ባለ 20 ጌጅ ሾትገን ነው። በዚያ ላይ በዚያ ወቅት ከሚገደሉት አንዳንዶቹ ቆዳቸው ሥር የዝንብ ትል ይዘው ስለሚገኙ፣ ሥጋው ባይበላሽም ብዙ ነባር አዳኞች የመጀመሪያው ውርጭ እስኪወርድ ይጠብቃሉ። ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሾትገኑ ሥጋውን በፍንጣሪ ሲያበላሽ፣ የእኔው አንዲት ጥይት ጭንቅላት ላይ ታርፋለች።

ጭንቅላቱን መምታት የቻልኩት ግን ኖቬምበር ከተጋመሰ በኋላ ነው። በጋውን ሙሉ መነጽሩን በ50 ሜትር ርቀት አስተካክዬ ወረቀት ላይ አራት ጥይት በአንድ ሳንቲም ስፋት ሳሳርፍ ከርሜ፣ ጫካ ስገባ ግን በተደጋጋሚ ከእንስሳው በላይ እየተኮስኩ እስት ነበር። ምክንያቱን ያገኘሁት ሒሳቡን ቁጭ ብዬ ስሠራ ነው። መነጽሩ ከበርሜሉ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ጥይቱ በ50 ሜትር ከመነጽሩ መስመር ጋር እንዲገናኝ በርሜሉ በትንሹ ሽቅብ ተቃንቶ ይታሰራል። በሜዳ ላይ በ25 ሜትር ጥይቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚያርፍ ልዩነቱ አይሰማም። በ60 ዲግሪ ሽቅብ ሲተኮስ ግን የመሬት ስበት ጥይቱን ከመስመሩ ወደ ታች የሚጎትትበት ኃይል በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በዚያው ርቀት ከፍታው ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ የእንስሳው ጭንቅላት ደግሞ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ ከዚያ ያንሳል። መነጽሩን በ25 ሜትር እንደገና አስተካክዬ የጭንቅላቱን የታችኛውን ጠርዝ ማነጣጠር ከጀመርኩ ወዲህ የምስተው እጅግ ቀንሷል። ይህ የጠመንጃው ጉድለት አይደለም፤ ከመግዛቴ በፊት የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።

እውነተኛው ጉድለት እንጨቱ ነው። በኖቬምበር መጨረሻ ሁለት ቀን ሙሉ በካፊያ ውስጥ ስንዞር ቆይተን በሦስተኛው ቀን በቀላሉ ልመታው የሚገባኝን ሳትኩ። መለማመጃ ሜዳ ወስጄ ስፈትሸው ጥይቶቹ በ50 ሜትር አራት ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ሸሽተው አገኘኋቸው። የመነጽሩን ብሎኖች ጠረጠርኩ፣ ጥይቱን ጠረጠርኩ፣ ራሴንም ጠረጠርኩ። በመጨረሻ አንድ የዶላር ኖት በበርሜሉና በእንጨቱ መካከል ሳሾልክ ከፊት ጫፍ አስር ሴንቲ ሜትር ሳይገባ ተያዘ። እንጨቱ ከውጭ ቫርኒሽ ተቀብቶ፣ በርሜሉ የሚያርፍበት ቦይ ግን ጥሬውን ተትቷል፤ እርጥበት መጥጦ አብጦ በርሜሉን በአንድ ወገን እየገፋው ነበር። የገዛሁበት ሱቅ ይዤው ስሄድ ‹‹እንጨት እኮ ነው፣ ይደርቃል›› ተብዬ ተመለስኩ። መድረቁንስ ደርቆ ነበር፣ ጥይቱ ግን ወደ ቀድሞ ቦታው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። በራሴ እጅ ቦዩን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አሰፋሁትና ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባሁት። ከዚያ ወዲህ በጃንዋሪ በረዶ ውስጥ ይዤው ውዬ ኖቱ ሳይያዝ እስከ መጨረሻው ያልፋል፤ ጥይቱም ከቦታው አልተነቃነቀም።

ቀሪዎቹ ቅሬታዎች ቀላል ናቸው። ምላጩ ከፋብሪካው ሲመጣ 2.4 ኪሎ ያህል ጉልበት ስለሚፈልግ፣ 60 ዶላር ከፍዬ የጠመንጃ ባለሙያ ወደ 1.4 ኪሎ እንዲያወርድልኝ አድርጌያለሁ። የካዝናው መልቀቂያ ወጣ ብሎ ስለተሠራ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲጎተት ይነካና ካዝናው ሳይሰማ ይወድቃል። አንዱን በኦክቶበር በቅጠል ውስጥ አጥቼ ፔኒን ጨምሮ ሦስታችንም ግማሽ ሰዓት ፈልገን አላገኘነውም፤ ምትኩ 38 ዶላር ነው። የማንገቻው ቀለበቶችም ይንኳኳሉ፣ በጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ።

የጥይት ምርጫ ከጠመንጃው ምርጫ ይበልጣል የሚል እምነት አሳድሬያለሁ። ስድስት ዓይነት ሞክሬ ከእኔው ጋር የተስማማው ፍጥነቱ በሰከንድ 325 ሜትር አካባቢ የሆነው ዝግተኛው ነው። ከድምፅ ፍጥነት ስለማይበልጥ የጅራፍ ዓይነት ጩኸት አያሰማም፤ እኛ የጆሮ ማፈኛ አለን፣ ፔኒ ግን የላትም። ፈጣኖቹ ሩቅ ቢሄዱም በእኔ በርሜል ይበታተናሉ፣ ሥጋም ያበላሻሉ። ሃምሳ ጥይት የያዘውን ፓኮ 6 ዶላር አካባቢ እገዛዋለሁ፤ በ1937 በወጣው የፒትማን-ሮበርትሰን ሕግ መሠረት በጥይትና በረጅም ጠመንጃ ላይ የሚጣለው 11 በመቶ የፌዴራል ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ለክፍለ ግዛቶች ስለሚከፋፈል፣ ቅር ሳይለኝ ከምከፍላቸው ጥቂት ቀረጦች አንዱ ነው።

ይህች ትንሽ ጥይት ግን መናቅ የለባትም። ሽቅብ ተተኩሳ ምንም ካላገዳት እስከ 2.4 ኪሎ ሜትር ልትሄድ ትችላለች፤ በሸለቆው ማዶ ደግሞ እርሻና ቤት አለ። ስለዚህ እንስሳው ጀርባ ግንድ ወይም ወፍራም ቅርንጫፍ ከሌለ አልተኩስም፤ ሰማይ ለብሶ የቆመን ሽኮኮ ለባልደረባዬ ሾትገን እተወዋለሁ። ከዛፍ ወርዶ መሬት ለመሬት በሚሮጥ ላይም ሁለታችንም አንተኩስም፣ ውሻዋ ከኋላው ናትና። የአጋዘን አደን በጠመንጃ በሚፈቀድበት ሰሞን እኛም ደማቅ ብርቱካናማ ለብሰን እንገባለን፤ ፔኒም የራሷ ሰደርያ አላት።

ወዳጆቼ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ‹‹የማትበላውን ለምን ትገድላለህ?›› የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ያደግሁ፣ ሰኮናው ያልተሰነጠቀውን የማልበላ ሰው ነኝ፤ የኛው ሽኮኮ በኦሪት ዘሌዋውያን በስሙ ተጠርቶ ተከልክሏል፣ የአሜሪካውም ቢሆን ሰኮና አላበቀለም። የምገድለው ሁሉ የባልደረባዬ ነው፤ እሳቸው ገፈው፣ ቀቅለው፣ በዱቄት መረቅ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይበሉታል። ሕጉ ለአንድ ሰው በቀን ስድስት ይፈቅዳል፤ እኛ ግን ለሁለታችን ስድስት ሲሞላ ውሻዋን አስረን እንመለሳለን። አንድ የአጎቴ ልጅ ገዳይ ገዳይ እያለ ሊያሾፍብኝ ሞክሮ ነበር፤ በሽኮኮ እንደማይፎከር እኔም አውቃለሁ።

ዛሬ ብገዛ ያንኑ ሞዴል በፕላስቲክ ሰደፍ እወስደው ነበር፤ ዋጋው በ50 ዶላር ያንሳል፣ ዝናብም አይጠጣም። ያንን የማያገኝ ወይም እንደ እኔ እንጨት የሚወድ ሰው ጠመንጃውን ከሱቅ ሳያወጣ ከኪሱ አንድ ኖት አውጥቶ በበርሜሉ ሥር ያሹልከው፤ ከተያዘበት ሌላ ይጠይቅ። ለመጪው ሴፕቴምበር ሁለት ትርፍ ካዝናዎች አዝዣለሁ፣ ሁለቱንም ከቅጠል እንዲለዩ ቀይ ቀለም ልቀባቸው ነው።