የእማዬን ልብ ያየሁበት የጣት መለኪያ

ፐልስ ኦክሲሜትር የሚባለውን የጣት መለኪያ ደብረ ብርሃን ከመድኃኒት ቤት በ1,400 ብር ነው የገዛሁት። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣት ላይ ይነክሳል፤ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ይሠራል። የገዛሁት በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለመለካት ነበር። የጠቀመኝ ግን አጠገቡ ያለው የልብ ምት ቁጥር ነው።

እማዬ 68 ዓመቷ ነው። ክረምቱን ከመንዝ መጥታ እኔ ጋ ሰነበተች። ሐምሌ ላይ ሳል ያዛት። በሦስተኛው ቀን ባና ደርባ ትንቀጠቀጥ ጀመር። መለኪያውን ባደርግላት ምንም አላነበበም፤ ጣቷ በረዶ ሆኗል፣ ጥፍሯም እንሶስላ አለበት። እጇን አሙቄ እንሶስላ የሌለበት ጣት ላይ ሞከርኩ። የልብ ምቷን 87 አለ። ወዲያው 134። ከዚያ 109። ተበላሽቷል ብዬ ራሴ ላይ ባደርገው 76 ላይ ረጋ። የእጇን አንጓ ዳበስኩ። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ሦስቴ ይከታተላል።

በሌሊት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። በባክቴሪያ የመጣ የሳንባ ምች ነበር። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያነብ ምርመራ) ሲያነሷት ልቧ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባል የተዛባ ምት ውስጥ ገብታለች። ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ኢንፌክሽን ሲከብድ ትኩሳቱ፣ የኦክስጅኑ ማነስና የሰውነት መጨነቅ ልብን ያውካሉ። የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በወጉ መጨማደዳቸውን ትተው ይርገበገባሉ። ደም እዚያ ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ወደ ጭንቅላት ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። ቀጥሎ የወሰደችውን መድኃኒት ጠየቀኝ። ያለ ማዘዣ የገዛሁላትን አዚትሮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ነገርኩት። አንዳንድ ሰው ላይ እሱም የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል አለኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ኦክስጅን፣ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክና ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጧት። በሦስተኛው ቀን ምቷ ተስተካከለ። ሊመለስ ስለሚችል ግን ክትትል አላት።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ምቱ መዛባቱን በቃል አይነግርም፤ ቁጥሩ ሲዘል ማስተዋል የኛ ድርሻ ነው። አንጓ ይዞ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠርን አይተካም፣ ኢሲጂንማ ጭራሽ። ምት ዝግ አለ ብላችሁም አትዘናጉ፤ ታይፎይድ ላይ ትኩሳቱ ከፍ ብሎ ምቱ የዚያን ያህል ላይጨምር ይችላል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከፍታዋ ወደ 2,800 ሜትር ስለሆነ የጤነኛ ሰው ኦክስጅንም ቆላ ካለው ሰው ዝቅ ይላል። ጤነኛ ሳላችሁ ለክታችሁ ጻፉት።

እማዬ ወደ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ስትመለስ ይዛው ሄደች። እኔ ሌላ ገዛሁ።